የ55 ዶላሯ ባቡር

ረቡዕ

ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የወጣነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ11 ዓመቷ ሚሚ፣ የ8 ዓመቱ ማሙሽ፣ እና ልትጠይቀን ከድሬዳዋ የመጣችው እናቴ። ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ድረስ ወደ 860 ማይል ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ናት። ግን የአምስት ሰው ትኬት፣ የሻንጣ፣ እዚያ ደርሶ ደግሞ የመኪና ኪራይ ስንደማምር አላዋጣንም። የኛው ቶዮታ አሸነፈች።

ፍልሰታ ገብታለች። እናቴ ደግሞ በጾም አትደራደርም። ስለዚህ እግሯ ሥር አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ፣ በፔርሙስ ሻይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ እንጀራና አንድ ሳህን ሽሮ ፍትፍት አለ። «መንገድ ላይ ምን እንደሚያበሉን ማን ያውቃል» ትላለች። በየመውጫው ማክዶናልድ እንዳለ ነግሬያት ነበር። የፈራችው እሱን ነው።

ቨርጂኒያ በጨለማ አለፈች። ኖርዝ ካሮላይና ላይ ነጋ። ከዚያ «ሳውዝ ኦፍ ዘ ቦርደር» የሚባለው የመንገድ ዳር መዝናኛ ቢልቦርዶች ጀመሩ። ቦታው ሳውዝ ካሮላይና መግቢያው ላይ ነው። ማስታወቂያው ግን ገና ብዙ ማይል ሲቀርህ እየተከተለ ይጠራሃል። ማሙሽ አንዱንም ሳይዘል ጮክ ብሎ አነበበልን። ስንደርስ የሜክሲኮ ባርኔጣ የሚመስለውን ማማ ከታች ሆነን ፎቶ አነሳን፣ ሽንት ቤት ገባን፣ ወጣን። ምንም አልከፈልንም። የዚህ ጉዞ የመጨረሻው ነጻ ነገር መስሎኝ ነበር።

ማታ ሳቫና አጠገብ አንድ ሞቴል አደርን። ልጆቹ ሲተኙ ትኬቶቹን ስልኬ ላይ ከፍቼ አየኋቸው። የገዛኋቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው።

የኦርላንዶ መዝናኛ ፓርኮች ዋጋ እንደ ሲኒማ ቤት አንድ ወጥ አይደለም። ካሌንደር ይከፍቱልሃል፤ እያንዳንዱ ቀን ሥር የራሱ ዋጋ ተጽፏል። ትምህርት ተከፍቶ ተራ ማክሰኞ ሲሆን ይረክሳል፤ በገና ሰሞን ይሰቀላል። ዲዝኒ ወርልድ ወደዚህ አሠራር የገባው በፈረንጆቹ 2018 ነው። እኛ ግን የምንሄደው ዩኒቨርሳል ነው፤ ለመረጥነው ቀን በሰው 150 ዶላር ገደማ መጣ። ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚቀንሱት የቡና ዋጋ ታህል ነው። ሚሚ 11 ስለሆነች እንደ አዋቂ ከፍላለች። ክፍሏን አጽጂ ስትባል ግን ገና ሕፃን ናት።

ዩኒቨርሳል ጎን ለጎን ሁለት ፓርክ አለው። አንዱ በ1990 የተከፈተው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ፣ ሌላው በ1999 የተከፈተው አይላንድስ ኦፍ አድቬንቸር። ትኬቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቀን አንድ ፓርክ ብቻ ያስገባል። ሌላው ከፓርክ ወደ ፓርክ እንደልብህ ያመላልስሃል፤ ለኛ ቀን በሰው 55 ዶላር ይጨምር ነበር። በአምስት ስታባዛው 275። «አንዱንስ መቼ ጨርሰን» ብዬ ርካሹን ገዛሁ። ራሴን እንደ ብልጥ ቆጥሬ ተኛሁ።

ሐሙስ

ጆርጂያን አለፍን፣ ጃክሰንቪልን አለፍን፣ ዴይቶና ላይ ወደ ኦርላንዶ ታጠፍን። እናቴ መስኮት ከፍታ ወዲያው ዘጋችው። «ድሬ ናት» አለች። ስለ ፍሎሪዳ የነሐሴ አየር ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

ኢንተርናሽናል ድራይቭ የሚባለው መንገድ ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት አለ። ማታ የጾም በያይነቱ አዘዝን። ሚሚ እየጎረሰች ነገ ፓርኩ ውስጥ ስለምንሳፈረው የሃሪ ፖተር ባቡር ለእናቴ ታስረዳለች። ልጄ የአስማት ተማሪውን የሃሪ ፖተርን ታሪክ ሰባቱንም መጽሐፍ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብባለች። እንደ ሃሪ ፖተር ቀይና ወርቃማ የሱፍ ስካርፍ ይዛ የመጣች ልጅ ናት፤ በ35 ዲግሪ ሙቀት።

«አያቴ፣ ባቡሩ ከለንደን ተነስቶ አስማት ወደሚማሩበት ቦታ ይሄዳል።»

እናቴ አስማቱን አልሰማችም። ባቡሩን ሰማች። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው ያደገችው። አባቷ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን የሚያውቀው በባቡሩ ፊሽካ ነበር ትላለች። አዋሽ ጣቢያ ሲደረስ በመስኮት የተቀቀለ እንቁላልና ፓፓያ እየገዙ፣ ሌሊቱን እያንጎላጁ ለገሃር ሲደርሱ እንዴት ብርዱ ፊት እንደሚመታ ለልጆቹ አወራችላቸው። ማሙሽ ኮንትሮባንድ ምን እንደሆነ የተማረው እዚያ ማዕድ ላይ ነው።

ከዚያ እናቴ ጠየቀች። «ይሄ የናንተ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ደቂቃ።»

ሚሚን አየቻት። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ይሄ ባቡር ነው ወይስ ሊፍት?»

ዓርብ

በጠዋት ገባን። መኪና ማቆሚያው ብቻ ከ30 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ ፍተሻ፤ ቦርሳ በማሽን ያልፋል። «ቦሌ ነው እንዴ?» አለች እናቴ። በሚንቀሳቀሰው ወለል ላይ ቆመን ሲቲዎክ የሚባለው ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ቦታ ደረስን። እዚህ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ቀኝ ከሄድክ ስቱዲዮስ፣ ወደ ግራ አይላንድስ። ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ይህን አሥር ደቂቃ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የኛ ትኬት ስቱዲዮስ ነው። ሚሚ ወደ ለንደኑ ክፍል እየጎተተችን ሄደች። ፊት ለፊት የለንደን ቤቶች፣ ሐምራዊ ባለ ሦስት ፎቅ አውቶቡስ ቆሟል። ውስጡ የተንጠለጠለ የተጨማደደ ጭንቅላት አለ፤ ሰው ያናግራል። ማሙሽ ከዚህ ጭንቅላት ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቀ። ከቤቶቹ ኋላ፣ ምልክት የሌለው ጠባብ የጡብ መግቢያ አለ። በዚያ ሲታለፍ ድንገት ሙሉ ሰፈር ይከፈታል፤ ዳያጎን አሊ፣ የመጽሐፉ የአስማተኞች ገበያ። የተጣመሙ ሱቆች፣ አናቱ ላይ ዘንዶ የተቀመጠበት ባንክ። ዘንዶው በየጊዜው እውነተኛ እሳት ይተፋል፤ ሙቀቱ ታች ፊትህ ድረስ ይመጣል። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ ነጠላዋን ሳበች። ከሱቆቹ አንዱ የሚሸጠው የአስማት በትር ነው። መስኮት ላይ ስትጠቁመው ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ዓይነት ከ60 ዶላር በላይ ነው። ለዕንጨት። እሺ፣ ፕላስቲክ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድን። ኪንግስ ክሮስ ይላል፤ የለንደኑ ጣቢያ ስም ነው። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፈገግ ብሎ ትኬታችንን ጠየቀ፣ ስካን አደረገ፣ ፈገግታውን ሳይቀንስ ነገረን። ባቡሩ የሚሄደው ወደ ሌላኛው ፓርክ ነው። የሌላኛው ፓርክ ትኬት የሌለው ሰው አይሳፈርም።

ጽፈውታል። ኋላ ስልኬ ላይ ፈልጌ አየሁት፣ ደህና አድርገው ጽፈውታል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። 150 ዶላር ሲነሳ ዓይኔ ዋጋው ላይ እንጂ ከሥሩ ያለው መስመር ላይ አልነበረም።

ሚሚ ምንም አላለችም። አንገቷ ላይ የነበረውን ስካርፍ ፈታች። በሁለት አጠፈችው። ደግማ አጠፈችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ዚፑን ዘጋች።

ከጣቢያው ማዶ አንዲት ጥላ ሥር የቤተሰብ ስብሰባ ተቀመጥን። ደግነቱ ትኬት ማሳደግ ይቻላል፤ ልዩነቱን ብቻ ትከፍላለህ። ስልኬን አውጥቼ መደመር ጀመርኩ። ባለቤቴ ከኔ ቀደመች። «እኔና ማሙሽ እዚሁ እንቆያለን። እሱ እንደሆነ ከጭንቅላቱ ጋር ገና አልጨረሰም።» ማሙሽ ተስማማ። ቀረን ሦስት። እናቴ እጇን አወዛወዘች። «ለኔ እንዳትከፍል። እኔ ባቡር ጠግቤ ነው ያደግኩት።» አፏ ይህን ይላል፣ ዓይኗ ግን ጣቢያው ላይ ነው። ሦስት ጊዜ 55፣ 165። ታክሱ ሲገባበት 176 ዶላር። ከፈልኩ። ከዚህ በኋላ ብልጥ ነኝ ማለት ትቻለሁ።

ሰልፉ ላይ 40 ደቂቃ ቆምን፤ የማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። ነገሩ በደንብ የታሰበበት ነው። የሃሪ ፖተር ክፍል መጀመሪያ የተከፈተው በ2010 አይላንድስ ውስጥ ነው፤ ሆግስሚድ የተባለው መንደርና የአስማት ትምህርት ቤቱ ግንብ። ሰው ጎረፈ። ሁለተኛውን ክፍል ሲሠሩ ግን እዚያው አጠገቡ አልቀጠሉትም። በ2014 ማዶ ያለው ፓርክ ውስጥ ሠሩት። ታሪኩን ለሁለት ከፍለው አንዱን ግማሽ በዚህ አጥር፣ ሌላውን በዚያ አጥር ውስጥ አስቀመጡት። በመካከል ባቡር ዘረጉ። ያኔ የአንድ ፓርክ የቀን ትኬት 96 ዶላር፣ የሁለቱ 136 ነበር፤ ልዩነቱ 40። ዛሬ 55 ደርሷል። ሁለቱ በሮች መካከል በእግር አሥር ደቂቃ ነው ብያችሁ ነበር። ማንም ሰው ለመጓጓዝ ብሎ ይህን ባቡር አይፈልገውም። የሚፈልገው መጽሐፉን ያነበበ ልጅ ነው። እነሱም ያውቃሉ።

ጣቢያው ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ታሪኩ ላይ ልጆቹ ግድግዳ ሰንጥቀው ነው ወደ ባቡሩ የሚያልፉት። እዚህም ሰልፉ ጠምዘዝ ሲል ከፊትህ ያሉት ሰዎች ሻንጣ አጠገብ ይደርሱና ጡቡ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። በዓይኔ አየሁ። የመስታወት ነጸብራቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አየሁ። ከዚያ ተራህ ይደርስና አንተ ስትገባ ምንም የለም። ደብዘዝ ያለ ኮሪደር ነው። አንተ ስትጠፋ የሚያየው የኋላህ ሰው ነው። ሚሚ ይህን ቀድማ ታውቅ ነበር። አያቷን አስቀድማ ላከቻት። ነጠላ የለበሰች ሴት ግድግዳ ውስጥ ስትሰምጥ አይቼ እኔም አማተብኩ።

ባቡሩ ደማቅ ቀይ ነው። ጭስ ያወጣል፣ ፊሽካ ይነፋል። ፊሽካው ሲነፋ እናቴ ቀና አለች። አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ይገባል፤ አራት በአራት ፊት ለፊት። ሦስት ፉርጎ ነው። ወንበሩ አሮጌ የቆዳ ወንበር ይመስላል። እናቴ በመዳፏ ደበደብ አድርጋ አየችው፤ አቧራ ልታስነሳ መሰለኝ። «የኛ ሁለተኛ ማዕረግ እንዲህ ነበር» አለች።

በሩ ተዘጋ። መስኮቱ መስኮት አይደለም፤ ስክሪን ነው። ለንደን ወደኋላ ሄደች፣ ገጠር መጣ፣ ዝናብ መጣ፣ ጨለመ። በኮሪደሩ በኩል ያለው መስታወት ላይ የልጆች ጥላ እያወራ ያልፋል። ድንገት መብራቱ ተርገበገበ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠች የሁለት ዓመት ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ግንቡ ታየ፤ ሚሚ እጄን ያዘች። ስካርፉ ተመልሶ አንገቷ ላይ ነበር። መቼ እንዳወጣችው አላየሁም።

መስኮቱ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ የሚታየን የፓርኩ ጓሮ ነበር። መጋዘን፣ የሠራተኛ መኪና ማቆሚያ። እና ሌላ ነገርም ይታየን ነበር፤ መንገድ ላይ የምታልፈን ሁለተኛዋ ባቡር። ባቡሮቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም በገመድ ነው የሚጎተቱት፤ ሞተሩ ባቡሩ ላይ የለም። አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች፣ ሐዲዱ መሐል ላይ ለአፍታ ሁለት ይሆንና ይተላለፋሉ። የሠራው ዶፕልማየር የተባለ የኦስትሪያ ኩባንያ ነው፤ የሚታወቀው የበረዶ ተንሸራታቾችን ተራራ ላይ በሚያወጣ የገመድ ማጓጓዣ ነው። ይህን ሆቴል ገብቼ ነው ያነበብኩት። እናቴ ሐሙስ ማታ ሊፍት ያለችው እውነቷን ነበር ማለት ነው።

ሆግስሚድ ስንወርድ ጣሪያው ሁሉ በረዶ ለብሷል። የፕላስተር በረዶ። ከሥሩ ሰው በላብ ይጠመቃል። ሚሚ እኔ የማላውቃቸውን ሱቆች በስም እየጠራች አለፈች። የሃግሪድ ሞተር ብስክሌት የሚባለውን ሮለር ኮስተር ሰልፍ አየነው፤ 95 ደቂቃ ይላል። ሰልፍ ለመዝለል ሌላ ፓስ ይሸጣል። ዋጋው በሰው በሚበዛበት ቀን ከመግቢያ ትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። እኔና ሚሚ ተያየንና ሳንነጋገር አለፍን።

ምሳ ላይ ችግር መጣ። እናቴ ድንች ጥብስ ለመብላት ፈቃደኛ ናት፤ ግን ዘይቱ ውስጥ ዶሮ ተጠብሶበት እንደሆነ ጠይቅልኝ አለች። ጠየቅኩ። ልጁ አሰበና «ይመስለኛል» አለ። ፍራፍሬ በላች፤ ከቦርሳዋም ዳቦ ቆሎ አወጣች። ያ ዳቦ ቆሎ በማሽኑ አልፎ እንዴት እንደገባ አልጠየቅኩም። ለምድር ባቡር ልጅ ይህ ቀላል ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የፍሎሪዳ የክረምት መብረቅ ቀልድ አያውቅም፤ ደጅ ያሉትን ጨዋታዎች ሁሉ ዘጉ። ሰዉ ጣሪያ ወዳለበት ሁሉ ሮጠ፣ የባቡሩም ሰልፍ ረዘመ። እኛ ግን ሁለቱንም መንገድ የከፈልን ሰዎች ነን፤ ቆምን። መመለሻው የተለየ ታሪክ ነው። ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ከከፈላችሁ ደርሶ መልስ ሂዱበት። ስንመለስ መስኮቱ ላይ ለንደን ስትቀርብ ያ ሐምራዊ አውቶቡስ እየከነፈ አለፈ። ጣቢያው ውጪ ማሙሽ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጭንቅላቱ ስሙን ይዞለታል ብሎ ማለልን።

ማታ ሆቴል ደርሰን እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አሰብኩ። ዲዝኒ ወርልድ በጥቅምት 1971 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ግን ያ የመግቢያ ብቻ ነው። ውስጥ ለሚሳፈሩበት ሁሉ ኩፖን ያስፈልግ ነበር፤ ከኤ እስከ ኢ። ኤ ለትንንሹ፣ ኢ ለምርጡ። በ1982 ኩፖኑ ቀረ፤ አንዴ ከፍለህ ሁሉንም። እንግዲህ የኔ ነገር ይህ ነው፦ ኩፖኑ አልቀረም። ዛሬ 176 ዶላር የከፈልኩት ለሁለተኛ ፓርክ አይደለም፤ ሁለተኛውን ፓርክ ሁለት ሰዓት ነው ያየነው፣ እሱም በዝናብ። የከፈልኩት ለሦስት ኢ ኩፖን ነው። ፓርኩ ምርቃት ነበር። ብዙ ቀን የሚቆይ ሰው ላይ ጭማሪው ለቀናቱ ይከፋፈላል፣ ያን ያህል አይሰማውም። ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ነው ሙሉውን የሚቀምሰው።

ሚሚን አስነስቼ ይገባው ነበር ወይ ብዬ ልጠይቃት አሰብኩ። ስካርፉን ለብሳ ተኝታለች። ተውኩት።

ቅዳሜ

ኪሳችን ዕረፍት የሚያገኝበት ቀን። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ፣ እዚህ ሦስት ዓመት የኖረ ልጅ፣ አንድ ዘዴ ነገረኝ። ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለው የገበያ ቦታ መኪና ማቆም ነጻ ነው። ከዚያ ወደ ዲዝኒ ሆቴሎች የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ እሱም እኛን በነጻ ወሰደን። ካሪቢያን ቢች የሚባለው ሆቴል ስትወርድ ስካይላይነር ጣቢያ አለ። በገመድ የተንጠለጠለ ትንንሽ ክፍል ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ኤፕኮትንና ሆሊውድ ስቱዲዮስን፣ ሁለት የዲዝኒ ፓርኮችን፣ ከሆቴሎቹ ጋር ያገናኛል። ሁለት ፓርክ የሚያገናኝ ሌላ ማጓጓዣ። ትኬት የሚጠይቅህ ግን የለም።

አላመንኩም ነበር። ሠራተኛዋ አጠገብ ስደርስ ስልኬን አውጥቼ ያዝኩ፤ ከልማድ። «ስንት ናችሁ?» ብቻ አለች። አምስት። ገባን፣ ተዘጋ፣ ተነሳ።

ውስጡ ኤሲ የለውም፤ በየመስኮቱ ንፋስ ያስገባል። ሲሄድ ይነፍሳል፣ ሲቆም ይፋጃል። ከሐይቁ በላይ፣ ከዛፉ በላይ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን፣ ባንቺ ጾም» ትላለች። ማሙሽ ቆሞ ይዘላል፣ ባለቤቴ ትጮህበታለች። ታች የሰው ሆቴል መዋኛ፣ የአዞ መጠንቀቂያ ምልክት። አሁን የተመለከትነው ስክሪን አይደለም። ይህንንም የሠራው ያው የኦስትሪያው ዶፕልማየር ነው። አንድ ገመድ ሠሪ፣ ሁለት ሒሳብ።

ኤፕኮት ጣቢያ ወረድን። ከፊታችን ሃያ ሠላሳ እርምጃ ላይ የፓርኩ በር አለ። ትኬት የያዘ ይገባል። እኛ በሩን አየት አድርገን፣ ውሃ ጠጥተን ተመለስን። በሌላኛውም መስመር ሆሊውድ ስቱዲዮስ በር ድረስ ሄደን ተመለስን። ዲዝኒ መንገዱን አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው በሩን ነው። ወደ ኤፕኮት የሚሄደው ሞኖሬልም እንዲሁ ነው።

ደጎች ናቸው ብዬ አይደለም። ሆቴላቸው ያደረ ሰው በሮቻቸው ላይ በቶሎ እንዲደርስላቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የዓርቧ ባቡር ውስጥ የሆነው ነገር እዚህ የለም፤ ግድግዳ የሚሰነጥቅ የለም፣ ፊሽካ የለም። ግን ማሙሽ የጉዞው ምርጥ ይህ ነው ብሏል። በገንዘብ ስሌት ብንሄድ ልጄ አሁኑኑ የሂሳብ ሠራተኛ ይሁን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። መብረቅ ሲመጣ ስካይላይነር ይቆማል፤ አየር ላይ ሆነን እንዳያገኘን ቶሎ ወረድን። አውቶቡሱ ውስጥ ሚሚ ሦስተኛ ፓርክ እንዳለ ነገረችኝ። ኤፒክ ዩኒቨርስ፣ በ2025 ግንቦት የተከፈተ። እዚያም የሃሪ ፖተር ክፍል አለ፤ ፓሪስ ነው ያደረጉት። ባቡሩ ግን እዚያ አይደርስም፤ ራቅ ያለ ነው።

«አውቶቡስ አለ» አለች።

መስኮቱን አየሁ።

እሑድ

ጠዋት ተነሳን። መንገዱ ያው ነው፣ በተቃራኒው። ጆርጂያ ላይ ዝናብ፣ ሳውዝ ካሮላይና ላይ የመኪና አደጋ ዘግቶን አንድ ሰዓት ቆምን። ቢልቦርዶቹ እንደገና ጀመሩ፤ ማሙሽ ተኝቶ ስለነበር ማንም አላነበባቸውም። ዳቦ ቆሎው አለቀ።

ኖርዝ ካሮላይና ላይ እናቴ ድሬ ያለች እህቷ ጋ በዋትስአፕ ደወለች። አክስቴ ጆሮዋ ስለሚከብዳት ስፒከር ላይ ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን። ስለ ዘንዶው ነገረቻት። ስለ ግድግዳው ነገረቻት፤ «ሰንጥቄ ገባሁ» ብላ። አክስቴ እልል አለች። ከዚያ ወደ ባቡሩ ደረሱ።

«ፊሽካው ራሱ የኛው ፊሽካ» አለች እናቴ።

«አይ ጊዜ! ስንት አስከፈሏችሁ?»

እናቴ በመስታወቱ አየችኝ። «እሱን ልጁን ጠይቂ።»

«ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር።»

መስመሩ ዝም አለ። ተቋረጠ ብለን ስልኩን ስናይ የአክስቴ ድምፅ መጣ።

«ታዲያ በእግራችሁ አትሄዱም ነበር?»